ደብተሩን ገና አይዝጉት

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። የዜመኛ ጓደኛዎን የነፍስ ኄርን ነፍስ በአብርሃምና በይስሐቅ አጠገብ ያሳርፍልን። ድንኳኑ ውስጥ ከጎንዎ ተቀምጬ ዝም ብል ደስ ባለኝ፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ግን ለቅሶ የሚደርሰው በስልክና በወረቀት ነው። በስልኩ ድምፅዎን ስሰማ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ብዙ ሳላወራዎት ቀረሁ፤ የቀረውን በዚህ ልጨርሰው።

እህቴ በሰልስቱ ዕለት የሆነውን ነግራኛለች። ሰዉ ሲበተን ደብተርዎን ከመሳቢያ አውጥተው ለልጅዎ ሰጧት። «ወስደሽ አስቀምጪው፤ ዜማው ከተቀበረ ግጥሙ ምን ያደርግልኛል» አሏት። ልጅዎም የምትመልሰው ጠፍቷት ይዛው ወጣች።

ገና አርባው ሳይወጣ ከሐዘንተኛ ጋር ክርክር አልገጥምም። ይርሱት፣ ይበርቱ፣ ሌላ ዜመኛ ይፈልጉ የሚል ሰው ቢመጣም እንዳይሰሙት፤ በእሳቸው ቦታ የሚተካ ሰው የለም። እኔ የምኖርበት ከተማ ግን ሁለት ሆነው ዘፈን የሚጽፉ ሰዎች የሞሉበት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሄድ የቀረው ሰው ምን እንደሚደርስበት፣ ምንስ እንደሚያደርግ ናሽቪል ደጋግማ አይታለች። የነሱን ታሪክ ላጫውትዎ፤ እንደ ምክር ሳይሆን ለቅሶ ቤት አምሽቶ እንደሚወራ ወግ ይውሰዱልኝ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።

ያንን ካሴት ያስታውሱታል? የዶን ዊሊያምስን። ነፍስ ኄር «ይኼ ሰውዬ አይጮህም፤ ሳይጮህ ነው የሚያስለቅሰው» ይሉ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ በረንዳችሁ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ እሳቸው ክራራቸውን አንስተው ያንን ዝግ ያለ ድምፅ ሲከተሉት፣ እርስዎ ደግሞ ዓይንዎን ጨፍነው ጊታሩ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ በጣትዎ ሲመቱ ይታየኛል። የዚህን አገር ሙዚቃ ያስተማራችሁኝ ሁለታችሁ ናችሁ። አንድ ዘፈን ነበረች፣ ከሴት ጋር የሚዘፍናት፣ ካሴቱን እያጠነጠናችሁ ደጋግማችሁ የምትሰሟት። ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ ነበርና የዘፈኑም የደራሲውም ስም የለበትም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሴትየዋ ኤሚሉ ሃሪስ ናት፤ ዘፈኑ «ኢፍ አይ ኒድድ ዩ» ይባላል፤ ሁለቱ የዘፈኑት በ1981 ነው። ደራሲው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ታውንስ ቫን ዛንት ይባላል።

ታውንስ በ1944 ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ የተወለደ ሰው ነው። ይህችን ዘፈን ያገኘኋት በሕልሜ ነው ይል ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ጓደኞቹ ቤት ተኝቶ ሳለ ሲዘፍናት አየ፤ ነቅቶ ጻፋት፤ ጠዋት ተነሥቶ ለባለቤቶቹ ዘፈነላቸው። የቤቱ ባለቤቶች ጋይ ክላርክና ሚስቱ ሱዛና ናቸው። በ1972 ሲጋቡ ሚዜያቸው ታውንስ ነበር፤ ከዚያም ወራት አብሯቸው ኖረ። ሦስቱ በምሥራቅ ናሽቪል በአንዲት ትንሽ ቤት ገንዘብ ሳይኖራቸው፣ ዘፈን ግን ሞልቷቸው ኖሩ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን የምንወዳት ዘፈን በአንድ ሰው ጓደኞች ቤት፣ በእንግድነት አልጋ ላይ የተወለደች መሆኗን ሳውቅ በመጀመሪያ የታወሱኝ እናንተ ናችሁ። እርስዎስ ስንቱን ግጥም በነፍስ ኄር ሶፋ ላይ ጻፉት?

ጋይ ጊታር ሠሪም ነበር። ቤቱ ምድር ቤት ባለችው መሥሪያ ክፍሉ እንጨት ይልጋል፣ ያጣብቃል፣ ይስላል፤ እዚያው ተቀምጦ በእርሳስ ዘፈን ይጽፋል። ሱዛና ሠዓሊ ነበረች። በ1978 የወጣውን የዊሊ ኔልሰንን «ስታርደስት» አልበም የሽፋን ሥዕል የሠራችው እሷ ናት። እሷም ዘፈን ደራሲ ነበረች፤ ከሪቻርድ ሊ ጋር የጻፈችው አንድ ዘፈን በ1989 በካቲ ማቲያ ድምፅ የካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆኗል። ቤታቸው በር የሚዘጋበት አልነበረም። ከቴክሳስ ጊታሩን ይዞ የመጣ ወጣት ሁሉ እዚያ ቤት ሳይደርስ አያልፍም።

ያንን ቤት በዓይን ማየት ይቻላል። ከ1975 መጨረሻ ጀምሮ የተቀረጸ «ሃርትዎርን ሃይዌይስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አለ። በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ እነ ጋይ ቤት ጠረጴዛውን ከበው ሲዘፍኑ ያሳያል። ጠርሙስ አለ፣ ጭስ አለ፣ ሳቅ አለ። ጊታሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሮድኒ ክሮወል ገና ስሙ ያልተሰማ ወጣት ነው፤ ስቲቭ ኧርል ሃያ ዓመት ገደማው ነው። አንዱ ሲዘፍን ሌላው አቀርቅሮ ያዳምጣል፤ የማን ዘፈን ይበልጣል የሚል ፊት አይታይም። ጋሼ፣ የናንተን የቅዳሜ ምሽቶች ያየ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚያው ፊልም ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ታውንስ ኦስቲን ከተማ፣ ጎረቤቱ የነበሩ ሲሞር ዋሽንግተን የሚባሉ ጥቁር አረጋዊ አጠገብ ተቀምጦ ሞትን ስለመጠበቅ የጻፈውን ዘፈን ይዘፍናል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በብረት ቀጥቃጭነት የኖሩ ሰው ናቸው። ዘፈኑ ሳይጋመስ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ያን እንባ ማንም አያስቆምም፤ ታውንስም ዘፈኑን አያቋርጥም፤ እሳቸውም ፊታቸውን አይደብቁም። እርስዎ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ፊት ላለማልቀስ ሲታገሉ እንደዋሉ ሰምቻለሁ። ከሳቸው ጋር ያሳለፉት ዘመን እንባ የሚገባው ነው፤ ያልቅሱላቸው።

ታውንስን አሳምሬ ልስልልዎ አልፈልግም። ይጠጣ ነበር፤ መጠጡ ብዙ ነገሩን በላበት። ግን ከሱዛና ጋር ጠዋት ጠዋት በስልክ ሳያወሩ ቀናቸው አይጀምርም ነበር። ያለሙትን ይነጋገራሉ፣ ግጥም ያነባባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሱዛናም ወሬያቸውን በካሴት ትቀርጽ ነበር። እነዚያ ካሴቶች ተርፈው በ2021 ስለነሱ በተሠራ ፊልም ድምፃቸው ተሰምቷል። ታውንስ በ1997 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት፣ ናሽቪል አጠገብ ባለች ስመርና በምትባል ከተማ ቤቱ ውስጥ በ52 ዓመቱ ሞተ። ታላቁ የካንትሪ ዘፋኝ ሃንክ ዊሊያምስ የሞተውም በዚያችው ዕለት፣ በ1953 ነበር።

ሱዛና ከዚያ ወዲያ እንደቀድሞዋ አልሆነችም። የጀርባ ሕመምም ነበረባት፤ ግን የሚያውቋት ሁሉ የሚሉት ታውንስ ሲሞት ከውስጧ አንድ ነገር አብሮ እንደሄደ ነው። ብዙውን ጊዜዋን አልጋዋ ላይ ሆና፣ መጋረጃው ወርዶ አሳለፈችው። ይህን የምነግርዎ ላስፈራራዎ አይደለም። በእኛ ዘንድም በእነሱም ዘንድ የጓደኛ ሐዘን ትክክለኛ ቦታው አይሰጠውም። ድንኳን ውስጥ ፊት የሚቀመጠው ልጅ፣ ወንድም፣ አክስት ነው። ሰው ተሰልፎ ሲያጽናና እጁ ወደ ዘመድ ይዘረጋል። ከሟች ጋር ግማሽ ዕድሜውን አንድ ጠረጴዛ ላይ የኖረው ጓደኛ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሐዘኑን ብቻውን ይውጠዋል። «ጓደኛቸው ነበሩ» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። የእርስዎ ሐዘን የጓደኛ ሐዘን ስለሆነ ያነሰ አይደለም፤ ማንም እንዲያሳንስብዎ አይፍቀዱ፤ እርስዎም ራስዎ አያሳንሱት። የታውንስ ሞት ሱዛናን እንደዚያ ያደረጋት ሰውን መውደድ ከሥጋ ዝምድና ጋር ብቻ ስላልታሰረ ነው።

ጋይም አዘነ፤ ሐዘኑ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ታውንስ ከሞተ በኋላ በ2002 ባወጣው አልበም የታውንስን አንድ ዘፈን ዘፈነ። በ2006ቱም ደገመ። በ2009ኙ አልበም ደግሞ ያችኑ በሕልም የመጣችውን፣ እኛ ከዶን ዊሊያምስ ካሴት የምናውቃትን ዘፈነ። ልብ ይበሉልኝ ጋሼ፣ ጋይ የራሱ ዘፈን ያጠረው ሰው አልነበረም፤ ጆኒ ካሽን ጨምሮ ስንቱ ታላቅ ዘፋኝ ዘፈኑን የተጫወተለት ሰው ነው። ለታውንስ ዘፈን ቦታ የሚለቀው ከራሱ ቦታ ቀንሶ ነው።

ሱዛና በ2012 አረፈች። በዓመቱ ጋይ የመጨረሻ አልበሙን አወጣ፤ በፎልክ ዘርፍ ግራሚ ያሸለመውም እሱ ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ስለ አንድ የሱዛና ፎቶ ነው። ጋይ ካሉት ፎቶዎች ሁሉ የሚወደውን መርጦ በሽፋኑ ላይ በእጁ ይዞት ይታያል። ፎቶው ፈገግ ያለችበት አይደለም፤ የሠርጓም አይደለም። ጋይና ታውንስ ቤት ውስጥ ሰክረው ሲያስቸግሩ ተናድዳ ወጥታ፣ ደጅ ላይ እጆቿን አጣምራ የቆመችበት ፎቶ ነው። ፊቷ ላይ ቁጣ ይነበባል። ሚስቱን የሚያስታውሰው በዚያ ቁጣዋ ነው፤ ሙሉ ሱዛና ያለችው እዚያ ነውና።

ይህን ያነሣሁት የናንተ ጠብ ትዝ ብሎኝ ነው። በአንዲት ስንኝ ምክንያት የተኳረፋችሁትን። እሳቸው «ቃሉ ለዜማው ይረዝማል፣ ይቆረጥ» አሉ፤ እርስዎ «ዜማው ይርዘም እንጂ ቃሌ አይቆረጥም» አሉ። ሰፈር ሁሉ ሽምግልና ገባ። እሳቸው በበራችን ሲያልፉ ክራሩን በጨርቅ ሸፍነው፣ ወደ እርስዎ ቤት ሳያዩ ያልፋሉ፤ እርስዎ ደግሞ መስኮት ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል። አሁን ለሙታን ክብር ሲሉ ያንን ጠብ ከትዝታዎ ለማውጣት ይሞክሩ ይሆናል። ለዝክርም ሆነ ለሙት ዓመት ስለሳቸው ሲነገር ጠቡ ይነገር። ከታረቃችሁ በኋላ ዘፈኑ እንዴት እንደወጣ እኛ እናውቃለን፤ ስንኟም አልተቆረጠች፣ ዜማውም አልረዘመም፤ እሳቸው መሐል ላይ የክራር ድምፅ አስገብተው ለቃልዎ መተንፈሻ ሠሩለት።

ጋይ በግንቦት 2016 ሲሞት ጓደኞቹ በአገራቸው ልማድ አስከሬኑ ተቃጥሎ የቀረውን አመድ ይዘው በአውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ ያለው ወዳጁ ቴሪ አለን ዘንድ እንዲደርስ ብሎ ነበርና። ከናሽቪል እስከዚያ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሮድኒ ክሮወል፣ ስቲቭ ኧርል፣ ኤሚሉ ሃሪስ ነበሩበት፤ ያ በገና ዋዜማ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበረ ትውልድ አርጅቶ። ሲደርሱም ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ጊታሩም እንደ ድሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

የናንተን ሥራ በጣም የሚመስለው ግን የጆን ፕራይንና የስቲቭ ጉድማን ታሪክ ነው። ሁለቱም የቺካጎ ልጆች ናቸው። ፕራይን ደብዳቤ አዳይ ፖስተኛ ነበር፤ ማታ ማታ ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ይዘፍናል። ጉድማን በ1971 የክሪስ ክሪስቶፈርሰንን መድረክ የመክፈት ዕድል አገኘ። ክሪስቶፈርሰን ሥራውን ወድዶለት ሲያደንቀው፣ ጉድማን ስለራሱ በማውራት ፈንታ «አንድ ጓደኛ አለኝ፣ እሱን መስማት አለብህ» ብሎ እየጎተተ ወሰደው። ሲደርሱ መጠጥ ቤቱ ሊዘጋ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ነበር። ፕራይን ለእነሱ ብቻ ዘፈነ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። ጉድማን ያንን ሲያደርግ ሉኪሚያ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ጊዜ የሚያንሰው እሱ ሆኖ ሳለ ያገኘውን በር ለጓደኛው ከፈተለት።

ሁለቱ አብረው የጻፉት አንድ ቀልደኛ ዘፈን አለ። ፕራይን የካንትሪ ሙዚቀኞችን ያስቀይም ይሆናል ብሎ ስሜ አይጻፍበት አለ። ዘፈኑ በ1975 በዴቪድ አለን ኮ ድምፅ ተወዳጅ ሆነ፤ ገንዘቡም በወረቀት ለጉድማን ብቻ ገባ። ጉድማን ግን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም ሲጨመርበት ሸክላ የሚያጫውት ትልቅ ማሽን ገዝቶ ለፕራይን ሰጠው። ስም ባይጻፍም ግማሹ የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

እዚህ ናሽቪል ብዙ ዘፈን ደራሲዎች የሚከተሉት ልማድ አለ። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ገብቶ ዘፈን ይዞ ከወጣ እኩል ይካፈላሉ፤ ይህን ቃል ያመጣው ማን ነው፣ ያንን ዜማ ያገኘው ማን ነው ተብሎ አይቆጠርም። ምክንያቱ ደግነት ብቻ አይደለም። አንዱ ባይኖር ሌላው ያንን ቃል አያገኘውም ነበር ብለው ስለሚያምኑ ነው።

እንግዲህ ጋሼ፣ «ዜማው ከተቀበረ» ያሉት እዚህ ላይ ነው የማይዋጥልኝ። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም» እና «ዜማ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ እኔ ግን ስትሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ስንኙን ሲያነቡ ድምፅዎ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እሳቸው ያንን ከፍታና ዝቅታ ነው በክራር የሚለቅሙት። «እስኪ ድገመው፤ እንደዚያ አድርገህ በለው» ይሉዎታል። ዜማው ከእርስዎ አነባበብ ይጀምራል። እርስዎም ደግሞ ክራሩ ትዝታ ቅኝት ሲሆንና አንቺ ሆዬ ሲሆን የሚጽፉት ቃል ይለያያል፤ በባቲ የጀመሩትን ግጥም እሳቸው ቅኝቱን ሲለውጡት ቀድደው እንደገና ሲጽፉ አይቻለሁ። ስለዚህ ከቀብሩ ጋር የሄደው ዜማው ሁሉ አይደለም። እሳቸው አርባ ዓመት ግድም ጆሮዎን ሲቀርጹት ኖረዋል። አሁን ብቻዎን ቢጽፉ እንኳ «ይኼ ይረዝማል» የሚል ድምፅ ይሰማዎታል። ያ ድምፅ የማን ነው?

ጉድማን በመስከረም 1984 በ36 ዓመቱ ሞተ። ስለ አንድ ባቡር የጻፈውን ዘፈን ዊሊ ኔልሰን ዘፍኖት፣ እሱ ካረፈ ከሳምንታት በኋላ የሠንጠረዡ አናት ላይ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም ለደራሲው ግራሚ አስገኘ። ፕራይን ከዚያ በኋላ ከ35 ዓመት በላይ ኖሮ ዘፈነ። አንድ ድሮ ከጉድማን ጋር የሚጫወተው ዘፈን ነበረው፣ «ሱቬኒርስ» ይባላል። በድሮው ቅጂ ላይ ሁለቱ ጊታሮች ተጠላልፈው የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ጉድማን ከሞተ በኋላ መድረክ ላይ ሲደርስበት ስሙን ጠርቶ ለሱ ይዘፍነው ነበር። ፕራይንም በ2020 በኮቪድ ናሽቪል ውስጥ ሞተ። ከተማው ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠበት ጊዜ ስለነበር ተሰብስቦ ማልቀስ አልተቻለም፤ ሰው በየቤቱ ዘፈኑን እየዘፈነ አዘነለት።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ የቪንስ ጊልን ልንገርዎ። በ1989 ጓደኛው፣ ዘፋኙ ኪት ዊትሊ በድንገት ሲሞት ቪንስ ዘፈን ጀመረለት፤ መጨረስ ግን አቃተው። ወረቀቱን አስቀመጠው። በ1993 ወንድሙ ሞተ። ያን ጊዜ ወረቀቱን አውጥቶ ለሁለቱም ጨረሰው፤ «ጎ ሬስት ሃይ ኦን ዛት ማውንቴን» ይሉታል። ዛሬ በዚህ አገር የካንትሪ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ቀብር ላይ በብዛት የሚሰማው እሱ ነው። አራት ዓመት ያህል ማለት ነው በመሳቢያ የተቀመጠው። በእነዚያ ዓመታት ዝም ማለቱ ግጥሙን መተው አልነበረም።

በ2013 ታላቁ ጆርጅ ጆንስ ሲሞት በግራንድ ኦል ኦፕሪ አዳራሽ በተደረገው ሽኝት ቪንስ ይህንኑ ሊዘፍን ከፓቲ ላቭለስ ጋር ወጣ። መሐል ላይ ሳግ ያዘው፤ ቃሉ አልወጣ አለው። ፓቲ አላቋረጠችም፤ ድምፁ በጠፋበት ቦታ የሷ ድምፅ ቀጠለ። እሱም አፉ እንቢ ሲለው በጊታሩ ተናገረ። ተቀርጿል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዘፈኑን የሠራው ሰው ራሱ ዘፈኑን መጨረስ ሲያቅተው ማየት ለሐዘንተኛ ትልቅ ነገር ነው። ልጅዎ ደብተሩን ይዛ መሄዷን ስሰማ ፓቲ ትዝ ያለችኝ ለዚህ ነው። ለጊዜው እሷ ትያዝልዎ።

ስለ ስቲቭ ኧርል አጭር ነገር ብዬ ላብቃ። በ19 ዓመቱ ነው ወደ ናሽቪል የመጣው፤ ታውንስና ጋይ አስተማሪዎቹ ነበሩ። በ1982 ወንድ ልጅ ሲወልድ ጀስቲን ታውንስ ብሎ ሰየመው። ታውንስ ከሞተ በኋላ የታውንስን ዘፈኖች ብቻ የያዘ አልበም በ2009 ሠራ፤ የጋይን በ2019። በ2020 ክረምት ልጁ ጀስቲን፣ እሱም ዘፈን ደራሲ የነበረው፣ በ38 ዓመቱ ሞተ። አባት በጥር 2021፣ ልጁ 39 ዓመት ሊሞላው በነበረበት ዕለት፣ አሥር የልጁን ዘፈኖችና በመጨረሻ አንድ የራሱን የያዘ አልበም አወጣ። ገቢው ለሟች ልጁ ሴት ልጅ ነው። የልጁን ቃል በራሱ ባረጀ ድምፅ ይዘፍናል። ለመስማት ይከብዳል፤ ግን አንዱን ሐዘን ከሌላው ቀጥሎ ተሸክሞ ያገኘው ብቸኛ መንገድ ይህ ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ነፍስ ኄር በየምሽቱ በቴፕ የቀዱት ዜማ ከአልጋቸው ሥር ካርቶን ውስጥ እንዳለ ባለቤታቸው እትዬ ነግረውኛል። ካሴት ሲቆይ ጥብጣቡ ይጣበቃል፣ ሻጋታም ይበላዋል፤ ብዙ መቆየት የለበትም። ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ማጫወቻ በሰው እጅ ልኬያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ከሰዓት ካርቶኑን ከእትዬ ተቀብሎ እርስዎ ቤት ይመጣል። ሥራውን እሱ ይሠራዋል፤ ከእርስዎ የሚፈለገው አጠገቡ ተቀምጠው ይኼ የየትኛው ዘፈን መነሻ ነው፣ ይኼ ግጥም ያላገኘ ነው፣ ይኼ ደግሞ ልምምድ ነው እያሉ መንገር ብቻ ነው። ይህን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ቢደክምዎ ይተዉት፤ በሌላ ቅዳሜ ይቀጥላል። ግጥም ያላገኙትን ለብቻ እንዲያስቀምጣቸው ነግሬዋለሁ።

እትዬን ከአርባው በኋላም እንዳይርቋቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ይጥሯቸው፣ ሲጠሩዎትም ይሂዱ። ለልጅዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ደብተሩን እርጥበት የማይነካው ቦታ ታስቀምጥ፣ ወንድሜ ሲመጣ ገጾቹን ፎቶ ያንሣላት። በፋሲካ ሳምንት እደውልልዎታለሁ።

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከናሽቪል፣ ቴነሲ